አሥራ ስድስት ጊጋ ቅናት

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ቅናት እያንገበገበኝ ወደ አንድ ኮምፒውተር መሸጫ ስገባ፣ ከውስጥ ከምትወጣው የእህቴ ልጅ ጋር በሩ ላይ ተጋጨን። እሷ ቴክኒክ ኮሌጅ የምታስተምር፣ ያወቀችውን ለሰው የማትሰስት ልጅ ናት። እኔ ደግሞ በአንድ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የመጽሐፍ ገጽ ሳቀናብር የኖርኩ፣ ተምሬአለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። በዚያች ቀን ግን ትምህርቴ የት እንደገባ እንጃ።

“ጋሼ! ምነው ፊትዎ ጠቆረ? አመመዎት እንዴ?”

“ደህና ነኝ። አዲስ ላፕቶፕ ላዝዝ ነው። የድሮውን እሸጠዋለሁ።”

“ያን የመሰለ ላፕቶፕ? ምን በደለዎት?”

ምን ልበላት? በቢሮ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ፣ ጥርሱ ስለማይከደን “ፈገግታው” የምንለው ባልደረባ አለኝ። ላፕቶፑ ከፋብሪካ አሥራ ስድስት ጊጋ ሚሞሪ ተገጥሞለት የመጣ ነው፤ የእኔ ስምንት። እሱ ባለ ሥዕል ገጽ ሲከፍት ወዲያው ብቅ ይልለታል። እኔ ከፍቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ እንኳ ገና ነው። አለቃችን ደግሞ “ሐሙስ ጠዋት ሃያ ሃያ ገጽ አሳዩኝ፤ የተሻለ የሠራ የካርታውን መጽሐፍ ይወስዳል” ብላናለች። እንደዚያ ያለ ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ለማቀናበር ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስመኝ ኖሬአለሁ። ፈገግታው ሊወስድብኝ ነው ብዬ ሳስብ እህል አይወርድልኝም።

“ያረጀ ዕቃ ነው” አልኳት በአጭሩ። “ይኸው፣ የምፈልገው ዓይነት እዚህ ተጽፏል።”

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። “ይሄን ከየት አመጡት?”

“ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ጀርባ።”

“ሰውየው ያውቃል?”

ፈገግታው ምሳ ሲወጣ ላፕቶፑን ገልብጬ ቁጥሩን አንድ በአንድ መቅዳቴን ለእህት ልጅ እንዴት ይነገራል?

“ይሁን፤ ዛሬ ቢያዙት መቼ ይደርሳል?”

“በሦስት ሳምንት።”

“ሐሙስስ?”

ይቺ ልጅ ስትጠይቅ መፈናፈኛ አትሰጥም። ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አስወጥታ ገጾቼን እንድከፍት አዘዘችኝ። ከዚያ ሚሞሪው ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየውን መስኮት ከፈተች። ዘጠና ሰባት በመቶ!

“ይኸው ጋሼ። ማሽኑ አላረጀም፤ ቦታ ጠቦት ነው። ሚሞሪ እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ሲሞላ አንዱን ሳያነሱ ሌላውን አይዘረጉም። ሌላ ስምንት ጊጋ ገዝተው በእጅዎ ይጨምሩበት።”

“በእጄ? በፍጹም! ፋብሪካ የገጠመውና እኔ በካቻቪቴ የጎረጎርኩት እኩል ነው ልትይኝ?”

“ፋብሪካውም እኮ ያንኑ ሚሞሪ ነው የሚሰካው።”

“እነሱ ጓንት አላቸው፣ መሣሪያ አላቸው! እኔ ባበላሸውስ?”

“የፋብሪካው አይሻልም አላልኩም። አንዳንድ ስስ ላፕቶፕ ሚሞሪው ከውስጥ ሰሌዳው ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ አይጨመርበትም፤ እሱን ሲገዙ በደንብ አስቦ ማዘዝ ነው። ዋስትና ያለውንም ከመክፈት በፊት ጠይቆ መረዳት ይገባል። የእርስዎ ግን ዋስትናው ካለቀ ቆይቷል። የዚህን ሞዴል መመሪያም አይቼዋለሁ፤ አንድ ባዶ መሰኪያ አለው።”

“እንግዲያው በወረቀቱ ላይ ያለውን የሚሞሪ ዓይነት ስጡኝ ልበል?”

“ኧረ በስመ አብ! ይሄ አዲሱ ዓይነት ነው፤ የእርስዎ የቀደመው። ቢገዙት ጥርሱ ከመሰኪያው አይገባም። የራስዎን ማሽን ሳይጠይቁ የሰው ማሽን ገለበጡ፣ ጋሼ።”

ፊቴ እሳት ሆነ። የሚገርመው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ የተናደድኩት በራሴ ሳይሆን በፈገግታው ነበር።

ትክክለኛውን ሚሞሪ ገዛን። እሷ ትገጥምልኛለች ብዬ ስጠብቅ ካቻቪቴውን እኔው እጅ ላይ አስቀመጠችው። አጠፋሁ፤ ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ የጀርባውን ብሎኖች ፈትቼ በተርታ ደረደርኩ፤ ክዳኑን አንስቼ ባትሪውን ነቀልኩ። በገላዬ ያለው ኤሌክትሪክ ሚሞሪውን እንዳይጎዳው የጠረጴዛውን ብረት አስነካችኝ። ከዚያ ሚሞሪውን በጠርዙ ይዤ አጋድሜ ሰካሁትና ባትሪውን መልሼ አበራሁ።

ጨለማ! አንድ ፊደል አይታይም።

“አለቀልኝ! ይኸው ገደልሺኝ! ሐሙስን አስበላሽኝ!”

“ጋሼ፣ ይረጋጉ። ፈርተው ስለሰኩት በደንብ አልገባም። ያጥፉት፣ ባትሪውን ይንቀሉ፣ ደግመው ይስኩት። ቀጭ እስኪል ይጫኑት።”

ጫንኩት። ቀጭ አለ። ሳበራው አሥራ ስድስት ጊጋ ይላል! ገጾቼን ከፈትኩ፤ ወዲያው ብቅ አሉ። በመደብሩ መሐል እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። “ልጄ፣ ተረታሁ” አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከእኔ ውርደት ተማር። የሚሠራን ዕቃ ከመጣልህ በፊት የጎደለውን እወቅ። የሚጨመርበት ከሆነ ዓይነቱን አጣርተህ፣ ተጠንቅቀህ ራስህ ጨምር። ዕቃህ ዕድሜ ያገኛል፣ የሦስት ሳምንት ሥራህ አይቆምም፤ የምትሠራበትንም መሣሪያ ሆድ ዕቃ ታውቀዋለህ።

ሐሙስ ሃያውን ገጽ አሳየሁ። አለቃችን አገላብጣ አየችና “የካርታው መጽሐፍ ያንተ ነው” አለችኝ። ፈገግታው መጥቶ ጨበጠኝ።

“እንኳን ደስ ያለህ። ላፕቶፕህን የት አሠራኸው?”

ፋብሪካ ልኬው ነው ልለው ምላሴን በላኝ። እንደምንም ዋጥኩትና “ራሴ ነኝ። ከፈለግህ ያንተንም አሳይሃለሁ” አልኩት።

“የኔማ የተበየደ ነው፤ አይጨመርበትም አሉኝ።”

“አይ፣ ያሳዝናል!” አልኩት።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። እሱ ምንም ሳይበድለኝ፣ እጁ ገና እጄ ውስጥ እያለ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለች። “ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?”

“ላፕቶፑስ ድኗል ልጄ” አልኳት። “እኔ ነኝ ያልዳንኩት።”