ከጎረቤት አንድ ገመድ አልፎ

አሁን የማጫውታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ መረቤ ይበጣጠስ፣ ሞተሬም ባሕር መሀል ይለግምብኝ። በዚህ ዳርቻ ከእኔ ይበልጥ እውነት የሚወድ የለም፤ ከእኔ ይበልጥ የተማረም የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሞተር ጠጋኙ ሱቅ ስወርድ፣ ጋሽ ጢሞን ሰማያዊ ጀልባቸው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ጋሽ ጢሞ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸው ግን ያልበረደ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የነዳጅ ጄሪካን እየጫኑ ነበር። በዓሣ ሀብት ትምህርት ቤት ተምራ የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ እጇን አጣጥፋ ታያቸዋለች።

«ወዴት ሊሆን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ ነው መልህቅ የምጥለው።»

«ምን ተገኘ?»

«ያ ሎጋ እዚያ ጥሎ ነዋ!»

ሎጋው ጎረቤት ነው። ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ አለው፤ መልህቁን የሚያስርበት አረንጓዴ ገመድ እንኳ ዘይት እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ባለፈው ያወጣው ዓሣ የቤት መዝጊያ ያክል ነበር። የማየት ፍላጎት አልነበረኝም፤ ቢሆንም በመስኮት፣ በአጥር ቀዳዳና ጣራ ላይ ወጥቼ አይቼዋለሁ። እኔ በበኩሌ አልቀናበትም። ብቻ ሲስቅ የሚታየው ጥርስ ለአንድ ሰው ይበዛል።

በዳርቻችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። ጀልባ ምን ያህል መራቅ እንደምትችል የሚለካው በጎረቤት ነው። ጎረቤትህ መልህቁን ከጣለበት አንድ ገመድ ያህል አልፈህ ትጥላለህ፤ በማግሥቱ እሱ ካንተ አንድ ገመድ ያልፋል። አያቶቻችን እንዲህ ሲተላለፉ ኖረው፣ አንዳንዶቹ እንዳለፉ ቀሩ።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ፣ «የሎጋው ጀልባ ጎኗ ደረትዎ ላይ ይደርሳል፤ የእርስዎ ከጉልበትዎ አያልፍም። እሱ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በሌላው ይመጣል። የእርስዎ ሞተር ለመነሣት እንኳ ስድብ ይፈልጋል።»

«ሞተሬን አትንኪ! ካንቺ በፊት የነበረ ነው።»

«እኔንስ ያስፈራኝ እሱ አይደል!»

«የቤቶቹ ጣራ እስከታየኝ ድረስ ባሕሩ ምንም አያደርገኝም።»

«ማየትና መድረስ አንድ ነው እንዴ? ጨረቃም ትታይዎታለች።»

ጋሽ ጢሞ ጄሪካኑን ቁጭ አደረጉት። «አንቺ ልጅ፣ የሆዴን አታውቂም። የሎጋው ሚስት "ባልሽን አቅምሺልኝ" ብላ ከዚያ ዓሣ ቆርጣ ለሚስቴ ሰጠቻት። በላሁት። ይጣፍጣል! ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ መጥፎ ቢሆንማ ተኝቼ ባደርኩ!»

እዚህ ላይ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሞገዱም ለመስማት ጸጥ ያለ መሰለኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሞኝ መንገዱን ከቤቱ ወደ ባሕር ይለካል፤ ብልህ ከባሕር ወደ ቤቱ ይለካል። ነዳጅዎን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ለነፋሱ ድርሻ። ጠዋት ከኋላ የሚገፋዎት ነፋስ ወዳጅ ይመስላል፤ ሲመለሱ ግን ያው ነፋስ ደረትዎን ይዞ ይታገልዎታል። ደግሞ ባዶ ጀልባና ዓሣ የጫነች ጀልባ አንድ አይደሉም። በከበደች ቁጥር ጎኗ ይሰምጣል፤ ያኔ ሞገዱ ሳይጠሩት ዘው ይላል።»

«ሞተሩ ቢቆም ቀዝፈው ከማይመለሱበት ቦታም ብቻዎን አይሂዱ» አለች ልጅቷ። አንዳንዱን ቃል እኔ ሳልጨርሰው ከአፌ ትነጥቀኝ ነበር፤ መቼም ፈጣን ልጅ ናት።

«እሺ፣ ሎጋው ቢስቅብኝስ?» አሉ ጋሽ ጢሞ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ይሳቃ! የሚሳቅበት በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ለሰመጠማ ይለቀሳል። ቅናት መሪ ጨብጦ አያውቅም ጋሼ። ጀልባዎን ቢሰጡት የሚወስድዎት ወደ ዓሣው ሳይሆን ወደ ሰው ቤት ነው።»

ሽማግሌው ባሕሩን አዩ፤ የጀልባቸውን ዝቅ ያለ ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ መልህቁን አውርደው አሸዋው ላይ ጣሉት። «ረታችሁኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ልኬ ጀልባዬ እንጂ ጎረቤቴ አይደለም።»

ጥቅሙም ወዲያው ታየ። ጋሽ ጢሞ ቀረብ ብለው ያጠምዳሉ፤ ዓሣቸው ሳይሞቅ ገበያ ይደርሳል። መረባቸው አይቀደድም፣ ባለቤታቸውም በር በሩን ማየት ትተዋል። በገመድ መተላለፍ ከመንደሩ ጠፋ። ሰዉ ሐውልት ሊያቆምልኝ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር፤ ለቁመቴ የሚበቃ ድንጋይ ታጣ እንጂ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ጓሮ ልብስ ለምታሰጣዋ ባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም።

«ጥሩ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግን እዚህ ሰፈር ጋሽ ጢሞ የሚባሉ ሰው የሉም። ሰማያዊዋ ጀልባ የኛ ናት። ያን ሁሉ የመከረችህ ልጃችን ናት። አንተም እምቢ ብለህ ሄድክ። ነዳጁ አልቆ በጣሳ ውሃ ስትጨልፍ አግኝቶ፣ በመልህቁ ገመድ ጎትቶ ያመጣህ ሎጋው ነው።»

«እሱማ ያን ቀን ነፋሱ...»

«ከዚያ ወዲህ አንዱን ጄሪካን ሳትነካ ትመለሳለህ፤ እኔም እንቅልፍ አገኘሁ። እሱን እውነቱን ጻፈው።»

እርጥብ ሸሚዜን አራግፋ አረንጓዴው ገመድ ላይ ሰቀለችው።

«ልብሱ ይድረቅና» አለች፣ «ገመዱን ፈትቼ እመልስለታለሁ።»