ካርታው ላይ ያለችው መስቀል

የድሮ ካርታ ማጥናት እንጀራዬ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ዘበኛ ጋሽ ቱሉ ድሮ እዚያው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ልጄ፣ መኪናህን እዚያ ጥግ ባታቆም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ክልክል ነው የሚል የት ተጽፏል?» ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ባለፈው ሰፈራችን ያለበት የቆየ ካርታ አገኘሁና ላሳያቸው ሮጥኩ። «ይዩ ጋሼ፣ ይሄ ወንዙ ነው። ይቺ ትንሽ መስቀል ደግሞ መቃብር ማለት ናት። ቦታው እንግዲህ ልክ የእኛ ብሎክ ጥግ...» ጣቴ እዚያው ደርቆ ቀረ። መኪናዬ ቆማበታለች።

ካርታውን ዞር ብለውም አላዩት። «እናቴ እዚያ ናት» አሉኝ። «የት ተጽፏል ስትለኝ ከረምክ። ይኸው፣ ተጽፎ አገኘኸው።»

መኪናዋን ላነሳ ስጣደፍ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አንስተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።