ማን ይነቅለዋል?

ብርጭቆዎቻችሁን ለጊዜው አስቀምጡልኝ፤ ወሬዬን ስጨርስ ታነሷቸዋላችሁ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ጋሼ ንቀለው እዚህ መሥሪያ ቤት የመጣ ቀን ጥበቃ ሊጠራበት ምንም አልቀረውም። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ራውተሮቹን አንድ ዙር ዞሮ አየና ዋናው የፋይበር መስመር ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ "ይሄ ቢነቀልስ?" አለን። ተጠባባቂ መስመር እንዳለን ደረታችንን ነፍተን ነገርነው። ነቀለዋ! ስልኩ ሁሉ ጭጭ አለ፤ ኃላፊያችን ከቢሯቸው እየሮጡ ወጡ። ለካስ ዋናውንም ተጠባባቂውንም መንገድ ያሳለፍናቸው በአንድ ገመድ ውስጥ ኖሯል። ኃላፊያችን ሲቆጡት ቀስ ብሎ መልሶ ሰካውና፣ "ዛሬ እኔ ነቀልኩት፤ ነገ ኤክስካቫተር ይነቅለዋል" አላቸው። ስሙ የወጣለት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ደንበኞቹን አሳውቆ፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅዶ ይነቅላል። የመቆጣጠሪያ ስክሪኑ ደህና ነው ይላል፣ አትንቀል ብለን ስንለምነው፣ "ስክሪኑ የነገርከውን ነው የሚነግርህ" ይለናል። ባለቤቱ እትዬ ምስክሬ ናቸው፤ ልጁን ሲድር እንኳ ለሙሽሮቹ ሁለት መኪና በሁለት መንገድ አዘጋጅቶ፣ ሁለቱንም መንገድ ቀድሞ ራሱ ነድቶ አይቷል።

ሥራችንን ለማታውቁ ቤተሰቦች ባጭሩ ልንገራችሁ። መረጃው መለያ ተለጥፎበት እኛ በመረጥንለት መንገድ ይሄዳል፤ ያንን መንገድ ታነል እንለዋለን። ጋሼ ለሆስፒታሎቹ በሁለት ታነል፣ በተለያየ ገመድ፣ ማንም የማይነካው ባንድዊድዝ፣ ማለትም የመስመር ቦታ፣ አስያዘላቸው። የሽያጭ ክፍሉ ሰው፣ ባዶውን ከሚቀመጥ እንሽጠው ብሎ ወጥሮ ያዘው። ጋሼ፣ "ባዶ አይደለም፤ ተይዟል" አለ። ነገሩ ዋና ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሄደ፤ ጋሼ ግን ፍንክች አላለም። በኋላ የውሃ ቧንቧ ቆፋሪዎች ዋናውን ፋይበር በጠሱት። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሐኪሞቹ ሩቅ ካለ ባልደረባቸው ጋር በቪዲዮ እየተማከሩ ነበር። መስመሩ መበጠሱን የሰሙት ሥራቸውን ጨርሰው ከወጡ በኋላ፣ ያውም ከእኛ ነው።

ጋሼ፣ አሁን ወደ አንተ ልዙር። አመሰግንሃለሁ። ትዕግሥተኛ ስለሆንክ አይደለም፤ ትዕግሥት እንደሌለህ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። እሺ በል ሲሉህ እሺ ስላላልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ዕቃህን እየሸከፍክ፣ "ታነሉን ሁላችሁም ታዋቅራላችሁ፤ ማን ይነቅለዋል?" ስትለን ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ሰው እየተጠቀመበት ያለን መስመር በገዛ እጅ መንቀል ያስፈራል። በዚህ ምክንያት ጡረታህን ላራዝም ልትል እንደነበር እትዬ ሹክ ብለውኛል። ልብህ እዚህ ቀርቶ እንድትሄድ አልፈልግም።

ልጅህ ከሩቅ ሆና በቪዲዮ እያየችን ነው። እህቴ፣ እስካሁን ምስሉ ተቋርጦብሻል? ድምፁስ? አንዴም አልተቋረጠም ትላለች፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት ኃላፊያችንን አስፈቅጄ፣ ለሆስፒታሎቹ አሳውቄ፣ ዋናውን ፋይበር በዚህ እጄ ነቅዬው ነው የመጣሁት። ዝግጅቱ ከተጀመረ ጀምሮ ያለነው በተጠባባቂው ላይ ነው። ያስያዝከው ባንድዊድዝም እንደተያዘ ይቆያል፤ የሚጠይቀኝ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

በሉ አሁን ብርጭቆ አንሱ። ለጋሼ ንቀለው! ዕድሜና ጤና ከነቤተሰብህ ይስጥህ፤ እንቅልፍህም የጠገበ ይሁን።

ኧረ ወዴት ነው የምትነሳው? ተቀመጥ ጋሼ። መልሼ የምሰካውም እኔው ነኝ።