የቀሩት ልጆች መዝገብ

ዶፍ ዝናብ የተጠፋፉ ዘመዶችን ያገናኛል። ለማኅበራትና ለትምህርት ቤቶች የድጋፍ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደረው ወጣት ከቢሮዋ ወጥታ ወደ ፌርማታ ስትሮጥ ዶፉ ወረደባትና አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ጥልቅ አለች። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ጠመኔ የሚያስቆጥሩት ሽማግሌ ዘወር ሲሉ አጎቷ ሆነው ተገኙ። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ጠመኔ» ይሏቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ በተዘጋ የክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ፣ የመማር ዕድል ያላገኙ ልጆችን በነፃ ያስተምራሉ።

ባለሱቁ ጠመኔውን በጋዜጣ ጠቀለለላቸው። የወጣቷ ዓይን ጋዜጣው ላይ ተተከለ።

«ጋሼ፣ የቀለም ፋብሪካው ያቋቋመው ፋውንዴሽን ለትምህርት ማኅበራት ድጋፍ እሰጣለሁ ብሏል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለምን አናመለክትም?»

«ምን አልሽ?» ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ጮክ ብላ ደገመችላቸው።

«በስተርጅና ለማኝ ልታደርጊኝ ነው?»

«ልመናና ማመልከቻማ ለየቅል ናቸው። ለማኝ ችግሩን ብቻ ያሳያል። አመልካች ግን የሠራውን፣ ያቃተውንና ቢታገዝ የሚሠራውን አስረድቶ ይጠይቃል። እነሱም ገንዘቡን የመደቡት ለዚሁ ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ። ለማንኛውም ነገ ጠዋት መጥተሽ ልጆቹን እያቸው።»

በማግስቱ ሄደች። መጋዘኑ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ የድሮ የጥጥ ብናኝ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። ሠላሳ ስምንት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ልጆች የተቀመጡባቸው ግን ሃያ አንዱ ብቻ ናቸው። አሥራ ሰባቱ ባዶዎች አቧራቸው ተጠርጎ፣ ከፊታቸው ደብተር ተቀምጦላቸዋል። ልጆቹ ሲያልፉ እንኳ እንዳይነኳቸው ይጠነቀቃሉ።

አጎቷ መዝገቡን ከፍተው ስም መጥራት ጀመሩ። ልጆቹን የሚጠሩት ራሳቸው ባወጡላቸው ቅጽል ስም ነው።

«ለሆሳስ!» ድምፀ ቀጭኗን ልጅ ነው።

«አቤት» አለ አንድ ስልል ያለ ድምፅ። ወጣቷ ዞር ብላ አየች። ባዶ ወንበር።

«ለምኔ!» በነገሩ ሁሉ «ለምን?» እያለ መምህሩን ያደክም የነበረውን ነው።

«አቤት።» ይኼኛው የወንድ ልጅ ድምፅ ነው፤ ደግሞ በጣም ቅርብ። ወንበሩ አሁንም ባዶ። አንድም ልጅ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ወጣቷን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። አጎቷ ምንም አልሰሙም። ትንሽ ጠበቁና «ይመጣል» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ከፊቷ ወደተቀመጠችው ልጅ ጎንበስ ብላ «ማን ነው አቤት ያለው?» ስትል ጠየቀቻት።

«የቀሩት ናቸዋ» አለች ልጅቷ እርሳሷን እየቀረጸች። «ሁሌም እኮ ነው።»

በእረፍት ሰዓት የማመልከቻ ቅጹን ዘረጋችላቸው። «ስንት ተመዘገቡ፣ ስንትስ ቀጠሉ ይላል።»

«ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት በይ።»

«ሃያ አንድ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ስማቸውን አልሰረዝኩም! ካልተሰረዙ አሉ ማለት ነው። ገበናዬን ለባዕድ ላውጣ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እርስዎ በየማለዳው ይጠሯቸዋል፣ ወንበራቸውን ይወለውላሉ። ግን ስም መጥራት መፈለግ አይደለም። አንዳቸው ቤት ሄደው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው መዝገቡን ከደኑት። ልማድ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚወደውን የሚጠብቅበት እየመሰለው ይቀብርበታል።

«ደግሞ እኮ አቤት ይላሉ» አለች ቀስ ብላ።

«እነማን?»

የሰማችውን ነገረቻቸው። መጀመሪያ የምታፌዝባቸው መሰላቸው። ፊቷን ሲያዩ ግን ከዘራቸውን አንስተው ተነሡ።

ድምፁን ፍለጋ ዞረው ሄዱ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ላውንደሪ ቤት አለ። በእንፋሎቱ መሐል አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። ከጎኗ የመጋዘኑ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ለሆሳስ ነበረች። መምህሯን ስታይ አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

«ስሜ ሲጠራ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው» አለች። «እስከ ቀትር ከአክስቴ ጋር እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ የለኝም፤ ግን ያኔ ትምህርቱ ያልቃል።»

ሽማግሌው ያገኙት ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ወጣቷ ፍርሃቱ ለቀቃትና ሳቀች። «ለካ አንቺ ነሽ! በለምኔም ስም የምትመልሺው አንቺ ነሻ?»

«ኧረ እኔ ለራሴ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ። «ለምኔንማ እኔም እሰማዋለሁ። እዚያ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር።»

ወጣቷ መሳቋን ትታ ለአጎቷ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው።

ሳይውሉ ሳያድሩ የለምኔን ቤት አጠያይቀው ሄዱ። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። መምህሩን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰባት ሳምንቱ» አለች። «ትኩሳት ነው። ሦስት ቀን ብቻ ታመመ። ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«እኔ በየማለዳው እጠራው ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻቸው። «ታዲያ… ይመልስልዎት ነበር?»

ጆሯቸው የከዳቸው ሽማግሌ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። እሷም የሰማችው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ለእናት የሚነገር አልመስል አላት።

 ተመልሰው መጋዘኑ በር ላይ ሲደርሱ «ጻፊ» አሉ ሽማግሌው። «አሥራ ሰባት ቀሩብን በይ። አንዱ ሞቷል፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ አላወቅንም በይ።» ወዲያው ደግሞ «ይህን ያነበበ ሰው ይረዳናል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ላይረዳን ይችላል። ግን የምንጠይቀው ነገር ከዚሁ እውነት ነው የሚወጣው።»

በማግስቱ ጋሽ ጠመኔ የለምኔን ስም በቀይ ቀለም ሰረዙትና ስም ሲጠሩ ዘለሉት። ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ድምፅ አልተሰማም። የማን እንደነበረም እስከ ዛሬ የሚያስረዳ አልተገኘም።

አጎትና የእህት ልጅ የቀሩትን አሥራ አምስት በሮች ሁለት ሳምንት ሙሉ አንኳኩ። ዘጠኙ ልጆች እንደ ለሆሳስ ጠዋት ጠዋት ሥራ ላይ ናቸው። ሁለቱ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። አራቱ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ይህ ሁሉ ማመልከቻው ላይ ሰፈረ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ለሚሠሩ ልጆች የከሰዓት ክፍል፣ በየቤቱ ለሚዞር ሰው ደሞዝ።

ከሁለት ወር በኋላ ከፋውንዴሽኑ አንዲት ኃላፊ ለጉብኝት መጡ። «ሌሎቹ አመልካቾች አንድም ልጅ አልቀረብንም ይላሉ» አሉ ኃላፊዋ። «እናንተ ለምን ጉድለታችሁን ጻፋችሁ?»

«ጉድለቱ ነው እርዳታ የሚፈልገው» አሉ ጋሽ ጠመኔ። «ሙሉውንማ እኛም እንችለዋለን።»

የጠየቁት ሁሉ አልተሰጣቸውም፤ ለአንድ ዓመት፣ ከግማሽ እምብዛም ያልበለጠ ተፈቀደ። ቢሆንም የከሰዓቱ ክፍል ተከፈተና አሥራ አንዱም ከለሆሳስ ጋር ተመለሱ፤ አንዷ ግን ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነው። በየሦስት ወሩ ሪፖርት ስለሚጠየቅ መዝገቡ የተመኙትን ትቶ ያለውን መያዝ ጀመረ። ሽማግሌውም ማመልከቻ ውርደት ነው ለሚላቸው ሁሉ «ውርደቱስ ሳያውቁ መቅረት ነው» ይላሉ።

በየቤቱ እንድትዞር የተቀጠረችው የለምኔ እናት ናት። ሥራውን ራሷ መጥታ ጠየቀች። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ እሷ በሩ ላይ ናት። «ማን ነው?» ሲሏት «ከትምህርት ቤት ነኝ» ትላለች፤ ልጁን በዓይኗ ሳታይም ከዚያ በር አትሄድም።