ቁልፉ ሲነካ በሬዲዮ የሰሙት የወንድሜ ዜና ሕይወት

ሊሸኟቸው የቆማችሁ ወገኖች፣ እንደ ወጉ አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳቸው ታናሽ ወንድሜ ናቸው። ፊደሌ ትንሽ ነው፤ ስሳሳት የሚስቅ ካለ ቀርቦ ያንብብ።

ከአናጺ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን ተወልደው፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱን ትተው ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኑ። ሰፈሩ «ጆሮ» ያላቸው በከንቱ አይደለም፤ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ገና ሳይፈቱት፣ ትንሿን የኪስ ሬዲዮአቸውን ጣቢያ በማትይዝበት ቦታ ከፍተው አጠገቡ ያስቀምጡና ከጩኸቷ በሽታውን ይለዩ ነበር። በዚሁ ሙያቸው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፣ አገቡ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የምስጢር ሰነድ ክፍል ግድግዳ ወዲህ ማራገቢያ ሲጠግኑ፣ ሰው የበሩን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቁጥር ቁልፍ በነካ ቁጥር ሬዲዮዋ ስታጉረመርም ሰሙ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ያለውን ተመሳሳይ ቁልፍ እየነኩ የየቁጥሩን ድምፅ ለዩና፣ ሦስት ቀን አዳምጠው አራቱን ምስጢር ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ለአለቃቸው ሰጡ፤ ግድግዳው በቆርቆሮ እንዲሸፈንም ሥዕል ሠርተው አቀረቡ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እንሰማ ነበር፤ እሳቸው አፍም እንዳለው አሳዩ። አለቃው ግን «ይህን ያወቀ ሌላም ያውቃል» ብለው አባረሯቸው። ሌባ የሰረቀውን ቁልፍ ለባለቤቱ ይመልሳል እንዴ? «አንተ ሞኝ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ብላቸው፣ «እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሰማስ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት «ሰላዩ» እየተባሉ ኖሩ። ዕቃ የሚያመጣላቸው ጠፋ፤ እሳቸው ሲገቡ ስልኩን የሚያጠፋው ጎረቤት በዛ፤ ከመካከላችሁም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ልባቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ቆርቆሮ ሠሪ ግን፣ እሳቸው በተባረሩ በወሩ የዚያን ክፍል ግድግዳ በቆርቆሮ እንዳለበሰ፣ «አፍህን ዝጋ» እንደተባለም ነገረኝ። የሠራበትን ሥዕል ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ላዩ ላይ ያለው የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ይኸውላችሁ። ሰላይ ከሆኑ በምክራቸው ለምን ተሠራ?

አለቃው ከኋላ ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል፤ እንባቸውን ይሰውሩ ዓይናቸውን፣ እኔ እንጃ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውንና ገና ያልተመለሰላቸውን ስም ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። አፈሩ ግን አይቸኩል፤ አለቃው ቀርበው አንዲት ቃል እስኪናገሩ ድረስ እንጠብቃለን።