ከጥሩምባው የተነጠለው ፎቶ

(እሑድ ረፋድ ላይ፣ የወንዝ ማዶ እድር የምሥረታ በዓሉን ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፤ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ የእድሩ ጸሐፊና የሰፈሩ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ወይዘሮ አስካለ ላፕቶፑን ይዘው ተቀምጠዋል፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ይድነቃቸው አጠገባቸው ቆሟል።)

ይድነቃቸው፦ ሌላውን እንዳለ ይተዉት ቲቸር። ይቺን ቃል ብቻ ያጥፉልኝ።

አስካለ፦ የትኛዋን?

ይድነቃቸው፦ ከአባዬ ፎቶ ሥር ያለችውን፣ ትንሿን።

አስካለ፦ ዓይኔ ደከም ብሏል፤ እስቲ አንብብልኝ።

ይድነቃቸው፦ «ነፍስ ይማር» ትላለች።

አስካለ፦ እግዚኦ። ጋሼ ሽብሩ መቼ ሞቱ? የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ ሳልሰማ፣ ድንኳን ሳይወጣ፣ ንፍሮ ሳይቀቀል? ጠዋት እዚሁ ወንበር ሲደረድሩ ነበር እኮ። ሟች ለእንግዳ ወንበር ሲደረድር ያየሁት ዛሬ ነው።

ይድነቃቸው፦ አይቀልዱብኝ በናትዎ። ሰው እየገባ ነው።

አስካለ፦ ይግባ፤ የተጠራው ሊገባ አይደል። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ትናንት ፍላሹን የሰጠሁህ ለምን ነበር?

ይድነቃቸው፦ ከፕሮጀክተሩ ጋር ይሠራ እንደሆነ እንድሞክረው።

አስካለ፦ ሞክረው አልኩህ እንጂ እድሩን እንደ አዲስ መሥርተው አልኩህ? የመሥራቾቹን ስላይድ ስሠራ የእያንዳንዱን ሰው ፎቶ፣ ስሙን፣ ለእድሩ የሠራውን ሥራ፣ የሞተም ከሆነ «ነፍስ ይማር» የምትለዋን፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ግሩፕ አድርጌ ነበር። አንዱን ስትጎትት ሌላው ተያይዞ እንዲሄድ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ይህን ያስተማረህ ማን ነው?

ይድነቃቸው፦ እርስዎ ነዎት።

አስካለ፦ መፍታቱንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ለዚህ ይሆናል ብዬ ግን አልነበረም።

ይድነቃቸው፦ ቦታ ላስተካክል ብዬ ነው። ፎቶዎቹ ትንሽ ተዛንፈው...

አስካለ፦ ተዛንፈው? አባትህ ከታችኛው ረድፍ ተነሥተው ከላይ መሀል ላይ ጉብ ያሉት ተዛንፈው ነው? ፎቶና ስም ብቻ ነጥለህ ወሰድክ፣ ሥራቸውን እዚያው ጥለህ። አሁን አባትህ «መሥራች ዳኛ» ሆነዋል፤ ዳኛው ጋሼ ዘለቀ ደግሞ ወርደው «ጥሩምባ ነፊ»። የጋሼ ዘለቀ «ነፍስ ይማር» ግን ከቦታዬ አልነሣም ብላ አባትህ ሥር ቀረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይድነቃቸው፦ ለዚህ እኮ ነው ያጥፉልኝ የምለው።

አስካለ፦ ከዚያስ? የጋሼ ዘለቀ ሚስት እማማ ብርቄ ከፊት ተቀምጠዋል። የቀበሩት ባላቸው ተነሥተው ጥሩምባ ነፊ ሆነው ሲያዩ ምን ልበላቸው? ትንሣኤ ነው ልበላቸው?

ይድነቃቸው፦ አንድ ቀን ነው ቲቸር። ነገ ወደ ነበረበት ይመልሱት።

አስካለ፦ ዛሬ ምን አለ?

ይድነቃቸው፦ እንግዶች አሉብኝ።

አስካለ፦ እነዚያ ባለ ከዘራው ሰውዬና ሚስታቸው?

ይድነቃቸው፦ የፌቨን ወላጆች ናቸው። ሽማግሌ ልኬ እሺ ያሉኝ በቅርቡ ነው። ከአባዬ ጋር ሊተዋወቁ ነው የመጡት።

አስካለ፦ ታዲያ ይተዋወቁ። ፎቶ መጎተቱ ለምን አስፈለገ?

ይድነቃቸው፦ አባቴ የእድር ዳኛ ነው ብያቸዋለሁ።

አስካለ፦ እህ።

ይድነቃቸው፦ የማን ልጅ ነህ ብለው ሲጠይቁኝ አመለጠኝ። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት ልመልሰው?

አስካለ፦ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። እሷ እንኳ ከአንተ ትሻላለች፤ የአህያውን ፎቶ ወስዳ ከሰው ወንበር ላይ አልሰቀለችም።

ይድነቃቸው፦ ይሳቁ። ለእርስዎ ቀላል ነው። «የጥሩምባ ነፊው ልጅ» እየተባልኩ ያደግኩት እኔ ነኝ። ልጆች እጃቸውን እንደ ጥሩምባ ጨብጠው እየነፉ ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኝ ነበር።

አስካለ፦ እነሱ ልጆች ነበሩ፤ አደጉ። አንተ ምን ሆነህ እዚያው ቀረህ?

ይድነቃቸው፦ የፌቨን አባት ሰውን በማዕረጉ የሚመዝኑ ናቸው። ይህን ከሰሙ ሠርጉ ይቀራል። እወዳታለሁ እኮ ቲቸር።

አስካለ፦ እሷስ የወደደችው አንተን ነው ወይስ የጋሼ ዘለቀን ወንበር? ስማኝ። እናቴ የሞተች ዕለት ንጋት ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ዳኛው ጋሼ ዘለቀ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሲያባራ ይነገራል» ብለው በራቸውን ዘጉ። አባትህ ጆንያ ተከናንበው ወንዙን ተሻግረው ነፉ። ቀብሯ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ያመጣው የአባትህ ትንፋሽ ነው። ያፈርክበት ይህን ነው? እኔ ደግሞ በአንተ አፈርኩ።

ይድነቃቸው፦ ይህን አላውቅም ነበር።

አስካለ፦ አልጠየቅህማ። ዳኛ ማን እንደነበረ ለመጠየቅ ግን ጊዜ ነበረህ።

ይድነቃቸው፦ ማውሱን ይስጡኝ፤ እኔው ላጥፋት።

አስካለ፦ እጅህን ሰብስብ። ለመሆኑ አባትህ ያላዩት መስሎሃል?

ይድነቃቸው፦ ምኑን?

አስካለ፦ ስላይዱን ነዋ። ጠዋት ፕሮጀክተሩን ስሞክር ወንበር እየደረደሩ ነበር አልኩህ እኮ። ግድግዳው ላይ ይህን የሚያህሉ ሆነው ወጡ። መነጽራቸውን አወጡና ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

ይድነቃቸው፦ ምን አለ?

አስካለ፦ መጀመሪያ ሳቁ። «አስካለ፣ ሞቻለሁ ማለት ነው? ማን ነፋልኝ ታዲያ?» አሉኝ።

ይድነቃቸው፦ ከሳቀማ...

አስካለ፦ አልጨረስኩም። ቀጥለው «ዳኛ» የምትለዋን አዩ። ሳቃቸው እዚያው ቆመ። «ፍላሹ ማን ጋ ነበር?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ይኸን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝ። እየው።

ይድነቃቸው፦ ጥሩምባው።

አስካለ፦ ጥሩምባው። በዓሉ የሚከፈተው በሳቸው ጥሩምባ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲወለውሉት ከረሙ። «ልጄ ካፈረበት አልነፋም» አሉ። «እንግዶቹ ሲጠይቁኝ ዳኛው ነኝ እላለሁ። አንቺም ያቺን ነፍስ ይማር ብቻ አጥፊልኝ፣ ሌላውን እንዳለ ተይው።»

ይድነቃቸው፦ አባዬ እንዲህ አለ?

አስካለ፦ እንዲህ አሉ፤ ሳይቆጡ። በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ለአንተ ሲሉ ሊዋሹ ነው። ያንን ፊት እኔ ከማየው አንተ ብታየው ይሻል ነበር። በል፣ ማውሱ ይኸው። ቃሏን አጥፋት። ሟቹም ፈቅደዋል።

ይድነቃቸው፦ እሺ፣ ይስጡኝ።

አስካለ፦ ምነው፣ አታጠፋትም እንዴ? ቅድም እኮ ቸኩለህ ነበር።

ይድነቃቸው፦ ፎቶውን እያወረድኩ ነው።

አስካለ፦ የማንን?

ይድነቃቸው፦ የአባዬን። ይኸው ወደ ቦታው። የሺፍትን ቁልፍ ይዤ ፎቶውን፣ ስሙን፣ «ጥሩምባ ነፊ» የምትለዋን መረጥኩ። ግሩፕ። ጋሼ ዘለቀም ከነነፍስ ይማራቸው ወደ ወንበራቸው።

አስካለ፦ ጎትተህ ፈትሸው። ይላቀቃል?

ይድነቃቸው፦ አይላቀቅም። ጥሩምባውን ይስጡኝ።

አስካለ፦ ልትነፋው?

ይድነቃቸው፦ እኔ የት አውቄበት። ለባለቤቱ ላደርስ ነው።

አስካለ፦ ባለቤቱ ከፌቨን አባት ጎን ተቀምጠው እያወሩ ነው። እስካሁን ዳኛው ነኝ ብለውም ይሆናል። የጓሮው በር ክፍት ነው፤ እንደ ልማድህ ዞረህ በስርቆሽ ብታቀብላቸው ማንም አያይህም።

ይድነቃቸው፦ መጋረጃውን ይክፈቱልኝ።