የወልዴ እናት

ተማሪ ሳለሁ ፌርፋክስ አጠገብ አንድ ክፍል ያከራዩኝ ሚስ ሩት የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከድሮ ጋዜጣ ተቆርጠው በፍሬም የገቡ የነጮች ፎቶዎች በተርታ ተሰቅለዋል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ ጳጳስ። እነማን እንደሆኑ ብጠይቃቸው "ዘመዶቼ ናቸው! ቻርለስተን ከተማ እነሱን የማያውቅ የለም" አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዳኛውን እየጠቆሙ "ይሄ የሴት አያቴ አባት ነው። እናቷ ባሪያው ነበረች። የሷ ፎቶ የለም" አሉ።

ወሬ ለማስቀየር ይሁን ጉራ ይዞኝ እንጃ፣ "እኛም አገር እኮ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን" አልኩና የአባቶቼን ስም አንበለበልኩት። አራተኛው፣ ወልዴ ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ኦኬ፣ የዚህ የወልዴ እናትስ ማን ትባላለች?"

አላውቅም። ለካ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!

ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። በኋላ አዲስ አበባ ደውዬ፣ ከሰላምታው ቀጥዬ "አባባ፣ የወልዴ እናት ማን ነበረች?" አልኩት። የክፍሉን በር ሲዘጋ ሰማሁት።

"ማን ነገረህ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።